በዘር ክር ላይ የሚያርፉ መድኃኒቶች
(ኮምቦልቻ ላይ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው ከዘር ክር ጋር እየተጣበቁ የሕዋስን የማባዛትና የመገልበጥ ሥራ በሚያሰናክሉ መድኃኒቶች ላይ ነው። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲሰማ ለሐኪምና ለኬሚስት እንጂ ለመሐንዲስ የሚቀርብ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጥቂቶቹ በአገራችን በየዓመቱ ለበሬዎች፣ ለላሞችና ለግመሎች በመርፌ ይሰጣሉ። የእርሻው ጉልበት በሬ በሆነበት አገር፣ መርፌው ሠራ ወይም አልሠራ ማለት ማሳው ታረሰ ወይም ጦም አደረ ማለት ነው። መርፌው እንዲሠራ ደግሞ የኬሚስቱ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ ሚዛን፣ ልኬት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ማከማቻና የጥራት ቁጥጥር ያስፈልጉታል። እነዚህ ሁሉ የመሐንዲሱ ጉዳዮች ናቸው።

በዚህ መሠረት በመጀመሪያ የዘር ክር እንዴት እንደተሠራ፣ ቀጥሎ አንቲባዮቲኮቹ በምን መንገድ እንደሚያሰናክሉት ይገለጻል። ከዚያም የእነርሱ የቅርብ ዘመድ የሆኑት የገንዲ መድኃኒቶች በአገራችን የገጠማቸው ችግርና መፍትሔው ይቀርባል።

የክሩ አሠራር

በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራ ወይም ፋብሪካውን የጎበኘ ሁሉ የፈትልን ጠባይ ያውቃል። ሁለት ክሮች አንዱ በሌላው ላይ ሲገመዱ ይጠነክራሉ። ግምዱ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ግን ክሩ በራሱ ላይ እየተጠቀለለ ይቋጠራል፤ ሲላላ ደግሞ ይበተናል። ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 ቅርጹን የገለጹት ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው የዘር ክርም እንዲሁ ከሁለት ክሮች የተገመደ ነው። ውፍረቱ 2 ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለቱን ክሮች እንደ መሰላል እርከን የሚያያይዙት ጥንድ ቤዞች ናቸው። አንዱ እርከን ከሌላው የሚርቀው በ0.34 ናኖ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ እርከን ላይ ግምዱ 36 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ በመሆኑም አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ 10 ያህል እርከኖች ያስፈልጋሉ።

ሕዋሱ በዚህ ክር ላይ ሁለት ዐበይት ሥራዎችን ያከናውናል። አንደኛው ሕዋሱ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ክሩን በሙሉ ማባዛት ነው። ሁለተኛው ለዕለት ሥራው የሚያስፈልገውን መልእክት ከክሩ ላይ ወደ አር.ኤን.ኤ. መገልበጥ ነው። የመጀመሪያውን የፋብሪካውን ዋና ንድፍ በሙሉ እንደ መቅዳት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለአንድ ክፍል ሠራተኞች የአንዱን ገጽ ቅጂ እንደ ማውጣት መቁጠር ይቻላል። ለሁለቱም ሥራዎች ግምዱ በየቦታው መፈታት አለበት። አንድ ኢንዛይም ክሩን እየፈታ ወደ ፊት ሲጓዝ፣ ከፊቱ ያለው ግምድ ይብሱን ይጠብቃል፤ ከኋላው ያለው ይላላል። የተጠራቀመውን ውጥረት የሚያስታግሡ ቶፖአይሶሜሬዝ የሚባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች አሉ። እነዚህ ክሩን ለአፍታ ቆርጠው፣ ውጥረቱን አስተንፍሰው፣ መልሰው ይቀጥሉታል።

ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ የዘር ክር ሥራ የተመሠረተው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በእርከኖቹ ቅደም ተከተልና በግምዱ ልክ። ቅደም ተከተሉን ሳይነካ የግምዱን ልክ ብቻ የሚያዛባ ባዕድ ነገር ቢገባበት እንኳ ሥራው ሊቆም ይችላል።

አንቲባዮቲኮቹ የሚሠሩበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1940 ዋክስማንና ውድረፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከአፈር ውስጥ ከሚኖር ደቂቅ ሕያው አክቲኖማይሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። ባክቴሪያን በመግደል በኩል ብርቱ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ለሙከራ የተሰጣቸውን እንስሳትም ስለገደለ ለተራ ኢንፌክሽን መድኃኒትነት ሳይበቃ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚያው ቤተ ሙከራ የወጣው ስትሬፕቶማይሲን ግን ሌላ ዕድል ገጠመው፤ ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መንገድ ከፍቶ ዋክስማንን እ.ኤ.አ. በ1952 ለኖቤል ሽልማት አበቃው። የሁለቱ ልዩነት ያለው በሚያርፉበት ስፍራ ነው። ስትሬፕቶማይሲን የሚያርፈው በባክቴሪያው ፕሮቲን ማምረቻ ላይ ነው፤ ይህም ማምረቻ ከሰው ሕዋስ ማምረቻ በቅርጽ ይለያል። አክቲኖማይሲን የሚያርፈው በዘር ክሩ በራሱ ላይ ነው፤ የዘር ክር ደግሞ በባክቴሪያም፣ በበሬም፣ በሰውም አንድ ዓይነት አሠራር አለው።

አንድ ንጥረ ነገር በዘር ክር ላይ የሚያርፈው በምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ ግልጽ እየሆነ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ሌርማን የተባለ ተመራማሪ ባቀረበው ሐሳብ ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት ጠፍጣፋ ቅርጽ ያለው ሞለኪውል በሁለት እርከኖች መካከል እንደ ሽብልቅ ጣልቃ ይገባል። በገባበት ስፍራ እርከኖቹ የቀድሞውን ርቀት እጥፍ ያህል ይራራቃሉ፤ ክሩ ይረዝማል፤ ግምዱም ይላላል። ለምሳሌ ኤቲዲየም የተባለው ቀለም አንዱ ሞለኪውል ብቻ ጣልቃ ሲገባ ግምዱን 26 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይፈታዋል።

ከዚህ ሌላ ሁለት የማረፊያ መንገዶች አሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች እርከኖቹን ሳይከፍቱ በግምዱ ጎን በሚገኘው ጠባብ ቦይ ውስጥ ይጋደማሉ። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ማይቶማይሲን፣ ሁለቱን ክሮች እንደ ችካል አንድ ላይ ይቸነክራሉ፤ እንዲህ የተቸነከረ ክር ሊፈታ ስለማይችል ሊባዛም አይችልም።

ውጤቱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይለያያል። አክቲኖማይሲን በጥቂት መጠን ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚያቆመው የመገልበጡን ሥራ ነው። ገልባጩ ኢንዛይም በክሩ ላይ ሲጓዝ መድኃኒቱ ካረፈበት ስፍራ ሲደርስ ይቆማል። የማባዛቱ ሥራ የሚቆመው ግን መጠኑ ከፍ ሲል ነው። ይህ ልዩነት ለምርምር ትልቅ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቴሚን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ አር.ኤን.ኤ.ን ብቻ የያዘ አንድ የዶሮ ዕጢ ቫይረስ በአክቲኖማይሲን መባዛቱን እንደሚያቆም ተመለከተ። ቫይረሱ በሕዋሱ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. ሆኖ ማለፍ አለበት የሚል አስደናቂ ሐሳብም አቀረበ። ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ቢገጥመውም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራውን የሚያከናውነው ኢንዛይም ተገኝቶ እውነትነቱ ተረጋገጠ።

ዳውኖሩቢሲንና ዶክሶሩቢሲን የተባሉት ቀይ አንቲባዮቲኮች ደግሞ ማባዛቱንም መገልበጡንም ያሰናክላሉ። ከዚህም በላይ ቶፖአይሶሜሬዝ ክሩን ቆርጦ ለመቀጠል ሲሞክር በመካከሉ ስለሚገቡበት፣ የተቆረጠው ክር ሳይቀጠል ይቀራል። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሕዋስ በዚህ ጉዳት ስለሚጠቃ መድኃኒቶቹ ለካንሰር ሕክምና ውለዋል፤ ዶክሶሩቢሲን በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለጡት ካንሰር ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው። ሆኖም ፀጉርን ያረግፋል፤ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል፤ ጠቅላላ መጠኑ ከወሰን ሲያልፍም ልብን ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ለአንድ ሕመምተኛ በዕድሜ ልክ የተሰጠውን ድምር እየመዘገበ ይቆጣጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ለሳንባ ነቀርሳና ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንም የአር.ኤን.ኤ.ን ሥራ ያቆማል፤ የሚጣበቀው ግን ከዘር ክሩ ጋር ሳይሆን ከባክቴሪያው ገልባጭ ኢንዛይም ጋር ነው። የባክቴሪያው ኢንዛይም ከሰው ኢንዛይም ስለሚለይ መድኃኒቱ የሚገድለውን ይመርጣል። በዘር ክር ላይ የሚያርፍ መድኃኒት ግን ይህን ዓይነት ምርጫ ከኢንዛይሙ ቅርጽ ሊያገኝ አይችልም። ምርጫውን ማግኘት ያለበት ከሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከስፍራና ከመጠን።

ከቤተ ሙከራ ቀለም እስከ በሬ መርፌ

የስፍራ ምርጫ ምን ያህል እንደሚረዳ በገንዲ በሽታ ላይ በግልጽ ይታያል። ገንዲ የሚመጣው ትሪፓኖሶም በተባለ፣ በደም ውስጥ እየዋኘ በሚኖር ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ ሸለቆዎች በሽታውን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ሲሆን፣ ዝንቡ የሚገኝበት ስፋት ከ180 ሺህ እስከ 220 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። የታመመው ከብት ይከሳል፤ ደሙ ይሳሳል፤ ፀጉሩ ይቆማል፤ ቀንበር መሸከም ያቅተዋል፤ ካልታከመም ብዙውን ጊዜ ይሞታል።

ለዚህ በሽታ በከብት ላይ የሚሠራባቸው ዋና ዋና መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፤ ሆሚዲየም፣ ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም። እነዚህ በፋብሪካ የተቀመሙ በመሆናቸው በጥብቅ አነጋገር አንቲባዮቲክ አይባሉም፤ አሠራራቸው ግን ከላይ ከተገለጸው ጋር አንድ ነው። ሆሚዲየም በእርግጥ በየቤተ ሙከራው የሚታወቀው ኤቲዲየም ራሱ ነው። ተመራማሪው ዲ.ኤን.ኤ.ን ለማየት ሲፈልግ ይህን ቀለም ይጨምርበታል፤ ቀለሙ በእርከኖቹ መካከል ሲገባ በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል። ያው ቀለም እ.ኤ.አ. በ1952 ለከብት ገንዲ መድኃኒትነት ቀረበ። ዲሚናዚን እ.ኤ.አ. በ1955 ተከተለ፤ ይህ በክሩ ጠባብ ቦይ ውስጥ የሚጋደመው ዓይነት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው አይሶሜታሚዲየም ደግሞ የሆሚዲየምን አካል ከዲሚናዚን ቁራጭ ጋር በማጋጠም የተገኘ ነው። ዲሚናዚን የታመመውን ከብት ፈውሶ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል፤ አይሶሜታሚዲየም ግን በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ከ2 እስከ 4 ወር ድረስ ሊከላከል ይችላል።

ታዲያ የበሬውም የጥገኛውም የዘር ክር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ጥገኛው ሞቶ በሬው የሚተርፈው በምን ምክንያት ነው? መልሱ ያለው ኪኔቶፕላስት በተባለ የትሪፓኖሶሙ ልዩ አካል ውስጥ ነው። ትሪፓኖሶም በአስኳሉ ውስጥ ካለው የዘር ክር ሌላ፣ ኃይል በሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበቶች አሉት። እነዚህ ቀለበቶች እንደ ጥንት ጦረኛ ጥሩር አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰካክተው አንድ መረብ ይሠራሉ። ጥገኛው ሊባዛ ሲል እያንዳንዱ ትንሽ ቀለበት ከመረቡ ወጥቶ፣ ተባዝቶ፣ መልሶ መሰካት አለበት። ይህን የመሰለ ጣጣ የበዛበት አሠራር በበሬ ሕዋስ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ኤቲዲየም የእነዚህን ትናንሽ ቀለበቶች መባዛት ገና ከጅምሩ እንደሚያግድ አሳይተዋል። መጠኑ ሲጨምርም መድኃኒቱ የአስኳሉን ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚያጠቃ በጥናቱ ታይቷል።

መድኃኒቱ ወደዚያ ስፍራ የሚሳብበት ምክንያት ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ሞለኪውሎቹ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው። የማይቶኮንድሪያው ውስጥ ደግሞ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር አሉታዊ ነው። በኤሌክትሮ ኬሚስትሪ ሕግ መሠረት፣ አንድ አዎንታዊ ሙል ላለው ሞለኪውል በየ60 ሚሊ ቮልት ልዩነት ክምችቱ አሥር እጥፍ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ በ120 ሚሊ ቮልት መቶ እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ጥቂት የነበረው መድኃኒት በኪኔቶፕላስቱ ዙሪያ ይከማቻል። በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ወሰን የሚጠበቀው በዚህ የክምችት ልዩነት ነው።

የወሎ ሰፋሪና የመተከል በሬ

ይህ ሁሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሕዝብ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ በአካባቢው የቆላ ዝንብ የለም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በረኀቡ ምክንያት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከወሎ የሄዱ ነበሩ። አንዳንዱ በውዱ፣ ብዙው ደግሞ በግድ ሄደ። ከዋና ዋናዎቹ የሰፈራ ቦታዎች አንዱ በዚያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በመተከል፣ በበለስ ወንዝ ሸለቆ የተቋቋመው ፓዌ ነው።

የወሎ ገበሬ ይዞት የሄደው ዕውቀት በበሬ ማረስን ነው። የበለስ ሸለቆ ግን የቆላ ዝንብ አገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣሊያን እርዳታ በተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተሮች ያርሱ ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲቋረጥ ግን ትራክተሩ ቀረ፤ ሰፋሪውም ወደ በሬው ተመለሰ። በሬው በሕይወት የሚቆየው በመርፌ ሆነ። እንዲህ ባለ ሁኔታ መድኃኒቱ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሞፈርና ቀንበር የእርሻ መሣሪያ ይሆናል፤ ይኸው መሣሪያ ሲደነዝዝ ደግሞ የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው።

ከዚህም ሌላ ከገንዲ ዓይነቶች አንዱ፣ ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው፣ የቆላ ዝንብ በሌለበትም በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች አማካይነት ስለሚተላለፍ በአማራ ክልል ደጋማ ቦታዎች፣ በጣና ዙሪያም ሳይቀር ተገኝቷል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ ሱራ የተባለው የግመል በሽታ አለ። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርዱትን የአፋር ግመሎች የሚያጠቃው ይኸው በተናካሽ ዝንብ የሚተላለፍ የትሪፓኖሶም ወገን ነው። በመሆኑም ኮምቦልቻ የሚገኘው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪና ባለሙያዎቹ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደሉም።

ጥገኛው መድኃኒቱን ሲላመድ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በጊቤ ሸለቆ፣ በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የገበሬዎችን ከብቶች በየወሩ ይመረምር ነበር። የታመሙት በዲሚናዚን ቢታከሙም በሽታው እየተመላለሰ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው ጥናት ከከብቶቹ የተወሰዱት የትሪፓኖሶማ ኮንጎሌንሴ ናሙናዎች ዲሚናዚንን፣ አይሶሜታሚዲየምንና ሆሚዲየምን የሚቋቋሙ ሆነው መገኘታቸው ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከመተከል የመንደር ከብቶች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ከአንድ በላይ መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥገኞች መኖራቸው ታተመ። ከወሎ የሄዱት ሰፋሪዎች በሬዎቻቸውን የሚያሰማሩት በዚሁ አገር ነው።

ጥገኛው መድኃኒቱን የሚላመድበት መንገድ ከላይ ከተነገረው የኤሌክትሪክ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። አይሶሜታሚዲየምን በሚቋቋሙ የኮንጎሌንሴ ዝርያዎች ላይ የማይቶኮንድሪያው የኤሌክትሪክ ልዩነት ቀንሶ ተገኝቷል። ልዩነቱ ሲቀንስ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ኃይል ይደክማል፤ የክምችቱ መጠንም ገዳይ ከሆነው ወሰን በታች ይወርዳል። የዘር ክሩ በራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወደ ክሩ የሚወስደው መንገድ ነው።

የግመሉ ሱራ ይብሱን ያስደንቃል። የሱራው ትሪፓኖሶም ከኪኔቶፕላስቱ ዋና ዋና ቀለበቶችን አጥቷል፤ አንዳንዱ ዝርያ መረቡን በሙሉ አጥቶ ይኖራል። ይህን ሊያደርግ የቻለው ኃይል በሚያመነጨው ኢንዛይሙ ላይ በደረሰ ለውጥ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የኤዲንብራ ተመራማሪዎች የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ይህን ለውጥ የያዙ ትሪፓኖሶሞች አይሶሜታሚዲየምንና ኤቲዲየምን በእጅጉ እንደሚቋቋሙ ታይቷል። መድኃኒቱ ዒላማ ያደረገው አካል ለጥገኛው ሕይወት አስፈላጊ መሆኑ ሲቀር፣ ዒላማውን መምታት ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ለከብት የተገዛውን መርፌ ለግመል መስጠት ትክክለኛ ሕክምና ሊሆን አይችልም፤ ለግመል እንደ ኩዊናፒራሚንና ሜላርሶሚን ያሉ የተለዩ መድኃኒቶች አሉ።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ክቡራትና ክቡራን፤

ጥገኛው መድኃኒቱን እንዲላመድ ዋናውን በር የሚከፍተው የመጠን ማነስ ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። ዲሚናዚን የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ ግራም የከብት ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም እየታሰበ ነው። በመሆኑም 1.05 ግራም መድኃኒት የያዘ አንድ ከረጢት 300 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አንድ ከብት ብቻ ይበቃል። 250 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ የሚያስፈልገው 875 ሚሊ ግራም ነው። ገበሬው ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል አንዱን ከረጢት ለሦስት እንዲህ ላሉ በሬዎች ቢያካፍል፣ እያንዳንዱ 350 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በኪሎ 1.4 ሚሊ ግራም ብቻ ያገኛል። በዚህ መጠን ደካማው ጥገኛ ይሞታል፤ ጠንካራው ይተርፋል፤ ዝንቡም የተረፈውን ወደ ጎረቤት ከብት ይወስዳል። የተቆጠበችው ገንዘብ ለመንደሩ ሁሉ ዕዳ ትሆናለች።

አይሶሜታሚዲየምም እንዲሁ ነው። 1 ግራሙ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይኖራል። በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ሲታሰብ ለ250 ኪሎ ግራም በሬ 6.25 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መለኪያ ጠፍቶ በግምት 75 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢጨመርበት ግን ያው 6.25 ሚሊ ሊትር 83 ሚሊ ግራም ብቻ ይይዛል፤ የሚያስፈልገው 125 ሚሊ ግራም ነበር። እዚህ ላይ የተበላሸው ኬሚስትሪው ሳይሆን መለኪያው ነው።

ከዚህ የሚከተሉት ሥራዎች በመሐንዲሶች አቅም ሊከናወኑ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፤ ክብደትን መለካት ነው። በየገጠር ጤና ኬላው የከብት ሚዛን ማቆም ቢያስቸግር፣ የደረትን ዙሪያ ለክቶ ክብደትን የሚገምት ሜትር በርካሽ ሊሠራ ይችላል። ሜትሩ ግን ለአገሩ ዝርያዎች ተፈትኖ መስተካከል ይኖርበታል፤ ለውጭ አገር ከብት የተሰላ ሠንጠረዥ የወሎን በሬ በትክክል አይገልጽም።

ሁለተኛ፤ ንጹሕ ውሃና መለኪያ ዕቃ ነው። መድኃኒቱ በተፈላና በተጣራ ውሃ፣ ምልክት ባለው ጠርሙስ እንዲበጠበጥ ማድረግ ቀላል ሥራ ነው፤ ቀላል በመሆኑም ነው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው።

ሦስተኛ፤ የጥራት ቁጥጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ገንዲ መድኃኒቶች የታተመ ጥናት፣ የአጠቃቀም ጉድለት ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ የራሱ ጥራት ማነስም መድኃኒት ለመላመድ ምክንያት እንደሚሆን አሳይቷል። በከረጢቱ ላይ 1.05 ግራም ተብሎ ሲጻፍ በውስጡ በእርግጥ ያን ያህል መኖሩን የሚያረጋግጥ መሣሪያ፣ መሣሪያውን የሚያስተካክልና የሚጠግን ባለሙያም ያስፈልጋል። ብዙ ላቦራቶሪ ሥራውን የሚያቆመው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በአንድ መለዋወጫ እጦት ነው።

አራተኛ፤ የሠራተኛው ደኅንነትና የዝቃጩ አወጋገድ ነው። በዘር ክር ላይ የሚያርፍ ነገር የማንን ክር እንደሚነካ አይመርጥም። ኤቲዲየም በባክቴሪያ ላይ በተደረጉ ፈተናዎች፣ በተለይ በጉበት ኢንዛይሞች ከተለወጠ በኋላ፣ የዘር ለውጥ የሚያስከትል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በቤተ ሙከራም ሆነ በበረት ጓንት ማድረግ፣ ባዶ ጠርሙሱን ለሌላ አገልግሎት አለማዋል፣ ዝቃጩንም ወደ ወንዝ አለመልቀቅ ተገቢ ነው። የቦርከናን ወንዝ ውሃ ከታች በኩል የሚጠቀም ገበሬና ከብት መኖሩን የኮምቦልቻ መሐንዲስ ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

አምስተኛ፤ መድኃኒትን ማፈራረቅ ነው። የቆየው ደንብ ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም እየተፈራረቁ እንዲሰጡ ያዛል። ሆሚዲየምንና አይሶሜታሚዲየምን ማፈራረቅ ግን የስም እንጂ የአሠራር ለውጥ አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ አካል ልጆች ናቸውና። እንደ ጊቤና እንደ መተከል ጥገኛው ሁሉንም በተላመደበት ስፍራ ደግሞ ማፈራረቁም ብቻውን አይበቃም። በጊቤ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በፀረ ተባይ የተነከሩ ጨርቆችን በመትከልና በከብቱ ጀርባ ላይ ፀረ ተባይ በማፍሰስ የዝንቡን ቁጥር መቀነስ ሲቻል፣ መድኃኒት የተላመደው ጥገኛ እያለም በሽታው ቀንሷል። ጨርቅ መሸመን፣ ማቅለምና መንከር ለኮምቦልቻ አዲስ ሙያ አይደለም። ዝንቡ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ስለሚስበው፣ ለዚህ የሚውለው ጨርቅ ቀለሙን በፀሐይ የማይለቅና ፀረ ተባዩን ለረጅም ጊዜ የሚይዝ መሆን አለበት። ይህን የመሰለ ጨርቅ እዚሁ አገር ቤት ሠርቶ መፈተን ለማኅበሩ አባላት የሚገባ የምርምር ርእስ ነው።

ማጠቃለያ

በዚህ ንግግር ስለ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ተነግሯል፤ በካንሰር ክፍል ስለሚሰጡት አንቲባዮቲኮችና በበረት ስለሚሰጡት የገንዲ መድኃኒቶች። ሁለቱም በዘር ክር ላይ ያርፋሉ፤ ሁለቱም ግምዱን በማዛባት የኑክሊክ አሲዶችን ሥራ ያቆማሉ። በካንሰር ክፍል ሐኪሙ እያንዳንዷን ሚሊ ግራም በሕመምተኛው የሰውነት ስፋት ያሰላል፤ ድምሩንም ይመዘግባል። በበረት ግን የዚያው ወገን የሆነ መድኃኒት በዓይን ግምት ይበጠበጣል፤ በዓይን ግምት ይወጋል። የልዩነቱ ምክንያት በሬው የሚገባው ጥንቃቄ አንሶ አይደለም፤ ጥንቃቄውን ቀላል የሚያደርጉ መሣሪያዎች ወደ በረቱ ባለመድረሳቸው ነው።

ዛሬ ገበሬው የሚጠቀምባቸው ሦስቱ የከብት መድኃኒቶች ከ1950ዎቹ የተወረሱ ናቸው። ተተኪ ባልተገኘበት ሁኔታ በእጅ ያሉትን ማደንዘዝ፣ ከመቶ ሺህ የማያንሱ ቤተሰቦችን የእርሻ ጉልበት ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ሁሉ፣ በመተከል የታየው ነገር በሌላውም ስፍራ ከመስፋፋቱ በፊት ሚዛኑ፣ መለኪያ ጠርሙሱ፣ የጥራት መመርመሪያውና የዝንብ ጨርቁ ወደ ገበሬው መድረስ አለባቸው። ይህን ማድረስ ከሞላ ጎደል የማኅበሩ አባላት ሙያ ነው።